የተዋሱት ቀይ፦ የኮርክ ማሊያ ለምን ተለወጠ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በአየርላንድ፣ በኮርክ ከተማ ነው። ልጄ በትምህርት ቤቷ ካሞጊ መጫወት ስለ ጀመረች የኮርክን ቀይ ማሊያ ገዛሁላት። በቅርቡ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የቆየ የኮርክ ቡድን ፎቶግራፍ አየሁ። ተጫዋቾቹ የለበሱት ማሊያ ቀይ አይመስልም፤ ደረታቸው ላይ ደግሞ ትልቅ የእንግሊዝኛ «ሲ» ፊደል አለ። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ኮርክ ከጥንት ጀምሮ ቀይ ነው ይሉኛል። ትክክለኛው የቱ ነው? የእነዚህ ቡድኖች ቀለም ይለወጣል እንዴ?»

ምላሽ፦

ዓይንዎ አልተሳሳተም። ኮርክ ከጥንት ጀምሮ ቀይ አልነበረም። እስከ 1919 ድረስ የቡድኑ ማሊያ ሰማያዊ ነበር፤ ደረቱ ላይ ሳፍሮን በሚባለው ደማቅ ቢጫ የተሠራ ትልቅ «ሲ» ነበረበት። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ባልደረቦችዎም ሊያሳስቱዎት አስበው አይደለም። አንድን ቀለም አያት፣ አባትና ልጅ ለብሰውት ሲያድጉ «ከጥንት ጀምሮ» የነበረ ይመስላል።

ሥራዬ የቆዩ ጨርቆችን መንከባከብና መጠገን ነው። የቤተ ክርስቲያን መጋረጃም የወታደር ካፖርትም በእጄ አልፏል፤ ከብዙ ዓመታት ወዲህ ግን ልቤን የወሰደው የስፖርት ልብስ ነው፤ በተለይም የአየርላንድ የጌሊክ ጨዋታዎች ማሊያ። በዚህ ሥራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ሰዎች መጀመሪያ ቀለም መርጠው፣ ትርጉም ሰጥተው፣ ከዚያ ጨርቅ እንዳልገዙ ነው። ብዙውን ጊዜ ጨርቁ ቀድሞ በአጋጣሚ ይመጣል። ቡድኑ ያንን ለብሶ ያሸንፋል። ፍቅሩና ትርጉሙ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ኮርክ ለዚህ ከሁሉ የጠራ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ወደ ኮርክ ከመድረሴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልያዘው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፦ ጌሊክ ፉትቦል (ከዚህ በታች «እግር ኳስ» የምለው እርሱን ነው) ኳስ በእጅም በእግርም የሚጫወቱበት ነው፤ ኸርሊንግ ደግሞ ጫፉ ሰፋ ባለ ዱላ ትንሽ ጠንካራ ኳስ የሚመቱበት፣ የእኛን ገና ያየ ሰው ወዲያው የሚወደው ጨዋታ ነው። ካሞጊ የኸርሊንግ የሴቶች ጨዋታ ነው። ጌሊክ ፉትቦልንና ኸርሊንግን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 በተርለስ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ። የካውንቲ (ካውንቲ ማለት እንደ አውራጃ ያለ ክፍል ነው፤ ኮርክም አንዱ ነው) ተጫዋቾች እስከ ዛሬ ደመወዝ አይከፈላቸውም። አስተማሪው፣ ገበሬው፣ ፖሊሱና ተማሪው ለተወለዱበት ካውንቲ ይጫወታሉ፤ ተጫዋች ለገንዘብ ብሎ ከካውንቲ ወደ ካውንቲ አይሸጥም። ስለዚህ ማሊያው የመንደርና የዘር መለያ ያህል ይከብዳል፤ የቀለም ነገርም እዚያ አገር ቀልድ አይደለም።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «የካውንቲ ቀለም» የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። የመላው አየርላንድ ሻምፒዮና በ1887 ሲጀመር ካውንቲውን የሚወክለው በካውንቲው ውስጥ ያሸነፈው ክለብ ነበር። የመጀመሪያው የኸርሊንግ ዋንጫ የቲፐረሪ ነው ይባላል፤ ሜዳ ላይ የወጡት ግን የተርለስ ክለብ ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው የእግር ኳስ ዋንጫም የሊምሪክ ነው ሲባል የተጫወተው «ኮመርሻልስ» የሚባል ክለብ ነው። ክለቡ የራሱን ማሊያ ለብሶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክለብ ካሸነፈ የካውንቲው ቀለም አብሮ ይለወጣል። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ካውንቲ ሦስትና አራት ቀለም ሊለብስ ይችል ነበር፤ ይህንንም እንደ ክህደት የቆጠረ አልነበረም።

ማኅበሩ በ1913 ካውንቲዎች የየራሳቸውን መለያ ቀለም እንዲይዙ ወሰነ። ያ ዓመት ብዙ ነገር የተስተካከለበት ነው፤ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ቁጥር ከአሥራ ሰባት ወደ አሥራ አምስት ወረደ፣ ዛሬ ክሮክ ፓርክ የሚባለውን የደብሊን ሜዳም ማኅበሩ የገዛው ያኔ ነው። ብዙ ጽሑፎች የቀለም ለውጥ ታሪክ በዚህ ውሳኔ ያበቃ ያስመስሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ደንቡ በወረቀት ላይ ሰፈረ እንጂ ሳጥን ውስጥ ያለውን ማሊያ አልለወጠም። የሱፍ ማሊያ ውድ ነበር። ለሃያ ሰው አዲስ ልብስ ማሠራት ለአንድ የካውንቲ ቦርድ ትልቅ ወጪ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ያላቸውን መልበስ ቀጠሉ፤ ቲፐረሪ ከደንቡ በኋላም ለዓመታት የክለብ ቀለም ይለብስ ነበር። ዛሬ የሚታወቅበት ሰማያዊና ወርቃማ የቦኸርላሃን ክለብ ቀለም ሲሆን የጸናለት በ1925 ነው፤ በዚያው ዓመት የኸርሊንግ ዋንጫ ወሰደ፣ ከዚያም ወዲህ ሌላ የልቡ ቀለም አላወቀም።

አሁን ወደ ኮርክ።

በ1919 የአየርላንድ የነጻነት ጦርነት ተጀምሯል። የእንግሊዝ ባለሥልጣናት የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበርን የሚያዩት እንደ ስፖርት ድርጅት ብቻ ሳይሆን እንደ ብሔርተኞች መሰብሰቢያ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ያለ ፈቃድ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክለው ነበር፤ ማኅበሩም ነሐሴ 4 ቀን 1918 በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾችን ያለ ፈቃድ ሜዳ ላይ አውጥቶ መልስ ሰጠ። እንግዲህ በዚህ መሀል ኮርክ ለኸርሊንግ ፍጻሜ እየተዘጋጀ ሳለ የእንግሊዝ ኃይሎች የካውንቲውን ቦርድ ጽሕፈት ቤት ፈተሹና ማሊያዎቹን ይዘው ሄዱ። ባለ «ሲ» ሰማያዊዎቹ ማሊያዎች በዚያው ቀሩ።

ቡድኑ የሚለብሰው አጣ። አዲስ ለማሠራት ጊዜም ገንዘብም የለም። በከተማው የአባ ኦሊሪ የጸረ አልኮል መጠጥ ማኅበር ያቋቋመው፣ በዚያን ጊዜ ግን የፈረሰ አንድ ቡድን ነበር፤ ማሊያዎቹ ሳይለበሱ ተቀምጠዋል። ቀለማቸው ቀይ ነው። ኮርክ እነዚያን ተዋሰ። መስከረም 21 ቀን 1919 በክሮክ ፓርክ ደብሊንን 6 ጎልና 4 ነጥብ ለ2 ጎልና 4 ነጥብ አሸነፈ። አንድ ጎል እንደ ሦስት ነጥብ ስለሚቆጠር ልዩነቱ አሥራ ሁለት ነጥብ ነው፤ ለፍጻሜ ጨዋታ ከባድ ሽንፈት ማለት ነው።

እኛ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንላለን። የኮርክ ሰዎች ግን የሰው ማሊያ አደመቃቸው። ይህ የሆነበትን ምክንያት ማየት ያስፈልጋል። ኮርክ ከ1903ቱ ውድድር ወዲህ የኸርሊንግ ዋንጫ አላነሳም ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ሰማያዊውን የለበሰ አንድ ትውልድ በመላው አየርላንድ የኸርሊንግ ፍጻሜ ሽንፈትን እንጂ ድልን አላስታወሰበትም። ቀዩ በመጣበት ቀን ዋንጫው አብሮት መጣ። በዚያ ላይ ሰማያዊውን የወሰደው የጠላት ወታደር ነው፤ ድሉ የተገኘው እርሱ ከወሰደው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ማሊያ ከተለበሰ በኋላ ማን አውልቆ ወደ ድሮው ይመለሳል? አልተመለሱም። ዛሬ የኮርክ ቀይና ነጭ «ደምና ፋሻ» የሚል ቅጽል ስም አለው፤ የካውንቲው ልጆችም «ዓመፀኞቹ» ስለሚባሉ ቀዩ የዓመፅና የደም ምልክት ተደርጎ ይነገራል። ውብ ትርጉም ነው፤ እኔም ስሰማው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ትርጉሙ ከማሊያው በኋላ የተወለደ መሆኑን መርሳት የለብንም። የተዋሱት ማሊያ አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ሣርና ስለ ተራራ ይተረክልን ነበር።

አሁን ስላዩት ፎቶግራፍ ልንገርዎ፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የዚያ ዘመን ካሜራ እንደ ፊልም ምስሉን የሚቀርጽበት መስታወት ከሰው ዓይን የተለየ ነው። ለሰማያዊ ብርሃን በጣም ስሜታዊ ነው፤ ለቀይ ግን ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ውጤቱም ሰማያዊ ጨርቅ ከእውነተኛው ይልቅ ፈዝዞና ነጥቶ ይወጣል፤ ቀይ ጨርቅ ጠቁሮ፣ አንዳንዴም ጥቁር መስሎ ይወጣል። ቢጫና ብርቱካናማም ከምንጠብቀው በላይ ይጠቁራሉ። የተጫዋቾቹን ፊት ልብ ብለው ይዩ፤ ፊታቸው ላይ ጠቃጠቆ ካለባቸው በፎቶግራፉ ላይ ከተፈጥሮው በላይ ጎልቶ ይታያል፤ ጠቃጠቆ ቀላ ያለ ነገር ነውና። ከኋላቸው ያለው ሰማይም ብዙውን ጊዜ ባዶ ነጭ ነው፤ ሰማያዊነቱ መስታወቱን አቃጥሎታል። እንግዲህ እርስዎ ያዩት ማሊያ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ሆኖ ፊደሉ ጠቆር ብሎ ከታየዎት ሰማያዊ ላይ ሳፍሮን ቢጫ ማለት ነው። ማሊያው ድቅድቅ ጥቁር ቢመስልና ፊደሉ ባይኖር ኖሮ «ይህ ቀዩ ነው» እልዎ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ልናገር። በአሁኑ ጊዜ የቆዩ ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር ቀለም ቀብቶ ማሰራጨት ተለምዷል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ግራጫውን ብቻ ነው፤ ቀለሙን ይገምታል። ጠቆር ያለውን የቀይ ማሊያ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ አድርጎ ይቀባዋል። ሥዕሉ ያማረ ስለሆነ ሰው ያምነዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። እባክዎ በእንደዚህ ያለ ምስል ላይ ተመሥርተው ስለ ማሊያ ቀለም አይፍረዱ።

ማሊያውን ራሱን ማግኘት ከተቻለ ነገሩ ይቀላል። አንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያቆየውን የአያታቸውን የክለብ ማሊያ አመጡልኝ። ወፍራም ሱፍ ነው፤ የነፍሳት መከላከያው ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ ኮሌታው የሸሚዝ ኮሌታ ይመስላል፤ አንገቱ ላይ በክር የሚታሰር ቀዳዳ አለው። ቤተሰቡ ቀለሙ ቡናማ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር፤ በዓይን ሲያዩትም ቡናማ ነው። እኔ ማሊያውን ገልብጬ በብብቱ በኩል ያለውን ስፌት በቀስታ አላላሁትና አጉሊ መነጽር አደረግሁበት። ሁለቱ የጨርቅ ጫፎች በተጣጠፉበት፣ ለዘጠና ዓመት ብርሃን ባልነካው ቦታ ላይ እንደ በርበሬ የቀላ ሱፍ ተኝቶ ነበር። ፀሐይና ሳሙና ውጪውን አድክመውታል፤ ስፌቱ ግን እንደ ጠበቀው አለ። የልጅ ልጃቸው አጎንብሳ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስለ ማሊያ ቀለም ጥያቄ ሲነሣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ስፌቱን ማየት እንደሚያስፈልግ የምናገረው ለዚህ ነው።

ከኮርክ ሌላ በዚያው ዘመን የተፈጸመና ሳነሣው ልቤን የሚከብደኝ አንድ የማሊያ ታሪክ አለ። እሑድ ኅዳር 21 ቀን 1920 ደብሊንና ቲፐረሪ በክሮክ ፓርክ የወዳጅነት የእግር ኳስ ጨዋታ ነበራቸው። ጠዋት በከተማው የአየርላንድ ተዋጊዎች የእንግሊዝ የስለላ ሰዎችን ገድለዋል። ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ኃይሎች ሜዳው ገብተው በሕዝቡና በተጫዋቾቹ ላይ ተኮሱ፤ አሥራ አራት ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ የቲፐረሪ ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነው። የመጣው ግራንጅሞክለር ከምትባል ትንሽ መንደር ነበር፤ ቲፐረሪ ያን ቀን የለበሰውም የግራንጅሞክለርን ክለብ ነጭና አረንጓዴ ማሊያ ነው። ከ1913ቱ ደንብ ሰባት ዓመት በኋላ ካውንቲው አሁንም የመንደር ክለብ ማሊያ ለብሶ ደብሊን መግባቱን ልብ ይበሉ። ዛሬ ከክሮክ ፓርክ ታላላቅ የተመልካች መቀመጫዎች አንዱ በሆጋን ስም ይጠራል።

መቶ ዓመት አለፈ። ኅዳር 22 ቀን 2020፣ በወረርሽኙ ምክንያት ሜዳው ተመልካች በሌለበት ቀን፣ የቲፐረሪ እግር ኳስ ቡድን በመንስተር ግዛት ፍጻሜ ከኮርክ ጋር ኮርክ ላይ ተጫወተ። ተጫዋቾቹ የወጡት ሰማያዊውንና ወርቃማውን ትተው ነጭና አረንጓዴ ለብሰው ነው፤ እጅጌው ላይ የሆጋን ምስል ነበረበት። ቲፐረሪ 17 ነጥብ ለ14 አሸነፈ። በእግር ኳስ የመንስተር ሻምፒዮን ሲሆን ከ1935 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ዓመት ለመላው አየርላንድ ግማሽ ፍጻሜ ያለፉት አራቱ ቡድኖች፣ ማለትም ደብሊን፣ ካቫን፣ ሜዮና ቲፐረሪ፣ በ1920 ያለፉት አራቱ ራሳቸው ነበሩ። ማሊያው ለመታሰቢያ የተሠራ ነበር፤ ቲፐረሪ ቀለሙን አልለወጠም። ነገር ግን የካውንቲው ሰዎች ሰማያዊና ወርቃማ በሌለበት ቀን ያለቀሱት ነጩንና አረንጓዴውን አይተው ነው። እኔም በቴሌቪዥን ስመለከት አልቅሻለሁ።

ወደ ሰሜን ወጣ ብለን አርማን እንይ። አርማ በመጀመሪያ ጥቁርና የማር ቢጫ መስመር ያለበት ማሊያ ይለብስ ነበር። በ1926 ከደብሊን ጋር ከሚያደርገው ጨዋታ በፊት በላውዝ ካውንቲ፣ በኦሚዝ ያሉ የዶሚኒካን ሴት መነኮሳት ብርቱካናማና ነጭ ማሊያ በሹራብ ሠርተው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ አርማ ብርቱካናማ ነው። የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይጠይቃል፤ በሰሜን አየርላንድ ብርቱካናማ የፕሮቴስታንቶቹ የኦሬንጅ ማኅበር ቀለም ነው፤ ማኅበሩ በ1795 የተመሠረተው ደግሞ በዚያው በአርማ ካውንቲ ውስጥ ነው። የካቶሊክ መነኮሳት በእጃቸው የሠሩት ብርቱካናማ ሹራብ በዚያ ምድር የጌሊክ ጨዋታ ቀለም ሆኖ ጸና። አርማ በዚህ ቀለም በ2002 የመጀመሪያውን፣ በ2024 ሁለተኛውን የመላው አየርላንድ የእግር ኳስ ዋንጫ አነሣ። ከመነኮሳቱ ሹራብ እስከ መጀመሪያው ዋንጫ ሰባ ስድስት ዓመት ነው። ስለዚህ «የሚያጸናው ድል ነው» ያልኩት ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንዴ በፍቅር የተሰጠ ነገር ብቻውን ይበቃል።

የድል ነገር የማይሠራበት ሌላም ቦታ አለ፤ እርሱም ኬሪ ነው። ኬሪና ሚዝ ሁለቱም አረንጓዴና ወርቃማ ለባሾች ናቸው። በ1939 የእግር ኳስ ፍጻሜ ሲገናኙ ኬሪ የራሱን ትቶ የዲንግል ክለብን ቀይና ነጭ ለበሰ። 2 ጎልና 5 ነጥብ ለ2 ጎልና 3 ነጥብ አሸነፈ። በኮርክ ሕግ ቢሆን ኬሪ ዛሬ ቀይ መሆን ነበረበት። አልሆነም፤ ወዲያው ወደ አረንጓዴና ወርቃማው ተመለሰ። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል። ኬሪ በአረንጓዴና ወርቃማው ብዙ ዋንጫ ወስዶ ነበር፤ ቀለሙ ሥር ሰድዷል። የኮርክ ሰማያዊ ግን ሥሩ ደርቆ ነበር። የተዋሱት ልብስ ቤት የሚያገኘው የባለቤቱ ልብስ ባዶ ቦታ ሲተውለት ነው።

የደብሊን ለውጥ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ታስቦበት የተደረገ ነውና። ደብሊን ውሃ ሰማያዊ ማሊያ ከነጭ ኮሌታና ከነጭ ቁምጣ ጋር ይለብስ ነበር። በ1974፣ ኬቨን ሄፈርናን ቡድኑን በያዘበት ዘመን፣ ነጩ ወጥቶ ጥቁር ሰማያዊ ገባ፤ ቁምጣውም ኮሌታውም። በዚያው ዓመት ጋልዌይን አሸንፎ ከ1963 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ፤ በ1976 እና በ1977ም ደገመው። በከተማው ያለ ወጣት ሁሉ ሁለቱን ሰማያዊዎች አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መሄድ ጀመረ። ዛሬ ደብሊንን በነጭ ቁምጣ ያሳዩት ሰው «ይህ የማን ቡድን ነው?» ይላል። አንድ ቁምጣ ተለወጠ ማለት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሰው ግን ቡድንን ከሩቅ የሚያውቀው በጠቅላላ መልኩ ነው፤ ነጭ ቁምጣ ሲወጣ መልኩ ሁሉ ይከብዳል።

ሁለት ቡድኖች ቀለማቸው ሲመሳሰል ምን ይደረጋል ለሚለው፣ ለረጅም ጊዜ የነበረው ልማድ የግዛቱን ቀለም መልበስ ነው። መንስተር ሰማያዊ፣ ሌንስተር አረንጓዴ፣ ኮናክት ነጭ፣ አልስተር ቢጫ ነው። ስለዚህ የቆየ የፍጻሜ ጨዋታ ፎቶግራፍ ወይም ፊልም ላይ ኬሪን በሰማያዊ ካዩት ቀለም ለወጠ ብለው አይደምድሙ፤ የመንስተርን ለብሶ ነው። ከ1962 ጀምሮ ፍጻሜዎቹ በቀጥታ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ በጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ይህን ለብዙዎች ፈታው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ከአሥራ ሁለት የአውሮፓ ተወላጅ ወንዶች አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም። ኮርክ ከሊምሪክ ጋር፣ ቀይ ከአረንጓዴ ጋር፣ ሲጫወቱ ለእነዚህ ሰዎች ሜዳው ላይ ሠላሳ ሰው አንድ ቡድን መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ይህ ጉዳይ ከሚገባው በታች ትኩረት ያገኘ ይመስለኛል፤ ነጭ አማራጭ ማሊያ ለማውጣት የሚከለክል ነገር የለም።

ስለ ንግዱ ብዙ አላወራም። ማሊያ ላይ የድርጅት ስም ማተም ለካውንቲዎች የተፈቀደው በ1991 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ የካውንቲ ማሊያ ደረቱ ላይ የድርጅት ስም የለበትም፤ ይህ ዘመኑን ለመለየት ጥሩ ምልክት ነው። ልብሱ በአየርላንድ የተሠራ እንዲሆን ማኅበሩ ስለሚጠይቅ ገበያውን ለረጅም ጊዜ የያዘው በ1918 ኳስ በመሥራት የጀመረው ኦኒልስ ነው። እጅጌው ላይ ባሉት ሦስት መስመሮች ምክንያት አዲዳስ ከስሶት ነበር፤ ጉዳዩ እስከ አየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1983 ኦኒልስ ረታ። በየጊዜው አዲስ ንድፍ የሚወጣውም ለሽያጭ ሲባል ነው። ዳርና ዳሩ፣ ኮሌታው፣ እጅጌው ላይ ያለው ጌጥ ይለወጣል፤ ዋናውን ቀለም ግን ማንም አይነካውም። ስለዚህ ለልጅዎ የገዙላት ማሊያ በሁለት ዓመት «አሮጌ ንድፍ» ቢባል አይዘኑ፤ ቀይነቱ አያረጅም።

ወደዚያ ምግብ ቤት ሲመለሱ ሦስት ነገር እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ ከፎቶግራፉ በታች የተጻፈ ዓመት ካለ ያንብቡት፤ ከ1919 መስከረም በፊት ከሆነ የተናገርኩት ሁሉ ይገጥማል። ሁለተኛ ባለቤቱን አስፈቅደው ክፈፉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተምና የተጫዋቾቹ ስም ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። ሦስተኛ ፊደሉን በቅርብ ይመልከቱ፤ ከሌላ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ጠርዙ ላይ የመርፌው መንገድ ይታያል። ፎቶግራፍ አንስተው ከላኩልኝ ደስ እያለኝ አየዋለሁ። ልጅዎንም ይዘዋት ይሂዱ፤ ያ ባለ «ሲ» ሰማያዊ ማሊያ በወታደር ባይወሰድ ኖሮ እርሷ ዛሬ ትለብሰው የነበረው እሱን ነበርና።